ሙቱን ፍቅር ቢይዘውስ?

«ጋሼ፣ ዞምቢን ፍቅር ቢይዘው ምን የሚያደርግ ይመስልዎታል?»

ጥያቄውን የጠየቀኝ ሰው ጤነኛ ነው። አልሰከረም፤ አልቃመም። ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ እየደበደበ መደማመጥ ባቃተን አንድ ምሽት፣ ቢታ ገነት ውስጥ፣ አንዲት እናት ቤት ለቡና ተቀምጠን ነው እንዲህ ያለኝ። የሠርግና የክርስትና ቪዲዮ እየቀረጸ የሚተዳደር ወጣት ነው። ስሙን አልጠራም። የማወጋችሁ ነገር ከአገሩ ሰው ጋር እንዲያቀያይመው አልፈልግም። እኔ ለሌላ ጉዳይ ሄጄ መንገዱ በጭቃ ስለተያዘ ነው እዚያ ያደርኩት። ቦንጋ ከአዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ቢታ ገነት ደግሞ ከቦንጋም አልፋ፣ ካፋ ዞን ቢታ ወረዳ ውስጥ ናት። ጫካው ሲያልቅ ከተማው ይጀምራል፤ ከተማው ሲያልቅ ጫካው ይቀጥላል።

ሳቅኩበት። «አንተ ልጅ፣ የሠርግ ቀረጻ ብዛት ራስህ ላይ ወጣ እንዴ?» አልኩት። እሱ ግን ከጃኬቱ ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ደብተር አወጣ። ጽፎታል! አርባ ገጽ የሚሆን የፊልም ጽሑፍ በእጁ ጽፎታል። ሙታን ከጫካ ወጥተው ከተማውን ይወራሉ። አንደኛው ሙት አንዲት ልጅ ሊበላ ደርሶ ዓይኗን ሲያይ ይወዳታል። ከዚያ የከተማው ሰው ተሰብስቦ ሙታኑን ይፈጃቸዋል፤ ልጅቱም ታለቅሳለች። ይኸው ነው።

«ዞምቢና ቢታ ገነትን ምን አገናኛቸው? እሱ የፈረንጅ ነገር ነው!» ስለው መልሱ የመጣው ከልጁ ሳይሆን ቡና ከሚያፈሉት እናት ነው። የመንዝ ሴት ናቸው። ባላቸውን ተከትለው ወደዚያ አገር ከወረዱ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሆናቸው ነው። ሲኒውን እያለቀለቁ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ፦

«የምን ፈረንጅ? ቡዳ የበላው ሰው አይደለም እንዴ የሚያወራው ልጁ! ሞተ ብለን አልቅሰን እንቀብረዋለን። የበላው ሰውዬ ማታ ሄዶ መቃብሩን ከፍቶ ያወጣዋል። ወስዶ ሰባት ዓመት ያስፈጨዋል፣ እንጨት ያስለቅመዋል። ያያል፣ ይሰማል፣ ያውቃል። አፉ ግን አይናገርም። እናቱ ብትመጣ እንኳ አይናገርም» አሉና ጀበናውን አነሱ።

ዝም አልኩ። ይህን ተረት እኔም ልጅ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። እናንተም ሰምታችሁታል። ሮናልድ ሬሚኒክ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ መንዝ ድረስ ሄዶ ስለ ቡዳ እምነት ካጠና በኋላ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው ጽሑፍ መዝግቦታል። እኛ ግን ፊልም ቤት ገብተን ሙት ከመቃብር ሲነሳ ስናይ «ወይ የፈረንጅ ፈጠራ!» እንላለን። የራሳችንን ዞምቢ አያቶቻችን ምድጃ ዳር ትተነው መጥተን፣ የሰው አገሩን ትኬት ቆርጠን እናየዋለን።

የፈረንጅ ነው የምንለው ዞምቢ እኮ ራሱ የፈረንጅ አይደለም። የሄይቲ ነው። ሄይቲ በፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ሳለች ከአፍሪካ ተግዘው የመጡ ባሮች በሸንኮራ እርሻ ላይ እስኪሞቱ ይሠሩ ነበር። ለእነዚያ ሰዎች የመጨረሻው ተስፋ ሞት ነው። ሲሞቱ ነፍሳቸው ወደ አፍሪካ፣ ወደ አባቶቻቸው አገር ትመለሳለች ብለው ያምኑ ነበር። እንግዲህ ለእንዲህ ያለ ሰው ከሲኦል የከፋው ምንድን ነው? ከሞተም በኋላ መሥራት! ጠንቋይ ከመቃብር አውጥቶት፣ ያለ ስም፣ ያለ ድምፅ፣ ያለ ፈቃድ እርሻ ላይ ሲያሰልፈው! ዞምቢ ማለት ይኸ ነው። ዞምቢው የሚያሳዝን እንጂ የሚበላ አልነበረም። የሄይቲ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሰውን በመድኃኒት አደንዝዞ ሞተ ተብሎ እንዲቀበር ማድረግን እንደ ነፍስ ግድያ የሚቆጥር አንቀጽ እስከ ማስገባት ደርሷል። ከመንዝ ቢታ ገነት የወረዱት እናትና የሄይቲ ባሮች ተገናኝተው አያውቁም። የፈሩት ግን አንድ ነገር ነው። ሬሳን እንኳ የማያሳርፍ ጌታ!

አሜሪካ ሄይቲን እ.ኤ.አ. ከ1915 እስከ 1934 በጦር ይዛ በነበረች ጊዜ ወሬው ወደ ሆሊውድ ተሻገረ። የመጀመሪያው የዞምቢ ፊልም «ዋይት ዞምቢ» በ1932 ወጣ። ልብ በሉ! ያ ፊልም የፍቅር ፊልም ነው። የሰው እጮኛ የከጀለ አንድ ሀብታም እንደማታገባው ሲያውቅ ጠንቋይ ዘንድ ይሄድና ልጅቱን ዞምቢ ያስደርጋታል። ያገኛታልም። ግን ምን ያደርግባታል? ፒያኖ ትመታለች፣ ታያለች፣ ልብ የላትም። ባደረገው ነገር ተጸጽቶ መልሱልኝ ይላል። ስለዚህ የዞምቢና የፍቅር ጋብቻ የዘንድሮ ወጣቶች ቅብጠት አይደለም። ዞምቢው ወደ ሲኒማ የገባው በፍቅር በር ነው። በኋላ ነው የተባረረው።

ያባረረው ጆርጅ ሮሜሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» የሚል ፊልም በጥቂት ገንዘብ፣ በጥቁርና ነጭ ሠርቶ የዞምቢን ሕግ ደነገገ። ሙታን ይነሳሉ፤ የሰው ሥጋ ይበላሉ፤ ጭንቅላታቸውን ካልመታሃቸው አይሞቱም። ከዚያ ወዲህ የወጣው አብዛኛው የዞምቢ ፊልም በዚህ ሕግ የሚተዳደር ነው። (የሚገርመው ነገር ሮሜሮ በዚያ ፊልም ውስጥ «ዞምቢ» የምትለዋን ቃል አንዴም አልተጠቀመባትም።) ነገር ግን ሮሜሮ ተንኮለኛ ነው። የፊልሙ ጀግና በተዋናይ ዱዌን ጆንስ የተሠራ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ያ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ከሙታን ጋር ሲታገል አድሮ ብቻውን በሕይወት ይተርፋል። ሲነጋ ሊያድኑት የመጡት የጠመንጃ ባለቤቶች በመስኮት ያዩትና ከሙታኑ አንዱ ነው ብለው ግንባሩን ይመቱታል። ከዚያም ከሬሳዎቹ ጋር አብረው ያቃጥሉታል። 

እንግዲህ ወደ ቢታ ገነቱ ደብተር ልመለስ። ልጁን አንድ ጥያቄ ጠየቅኩት።

«ሙታኑ ከጫካ ነው የሚወጡት አይደል?»

«አዎ ጋሼ።»

«እዚህ አገር ጫካ ዳር የሚኖረው ማነው?»

ልጁ አልመለሰልኝም። እናትየውም አልመለሱልኝም። የቆርቆሮው ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው።

ለማታውቁት ላስረዳ። በካፋ ውስጥ ማንጆ የሚባሉ ሰዎች አሉ። በካፋ መንግሥት ዘመን፣ ማለትም መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ1897 እስኪወድቅ ድረስ፣ አዳኞችና የአገር በር ጠባቂዎች ነበሩ። ከዚያም ወዲህ ብዙዎቹ ጫካ ዳር እየኖሩ እንጨትና ከሰል ለከተማው ይሸጣሉ። ያልተፈቀደ የዱር ሥጋ፣ ጉሬዛና ጃርት ይበላሉ ተብለው ከማዕድ ተለይተው ኖረዋል። ቤት አይገቡም። ከአንድ ገበታ አይበሉም። ቢጋበዙ ደጅ ተቀምጠው፣ በእንሰት ቅጠል ይቀርብላቸው ነበር እንጂ በሰው ሳህን አይበሉም። መንገድ ላይ ሲገናኙ የሚያልፈው ሌላው ነው፤ እነሱ ዳር ይቆማሉ። ጋብቻማ አይነሳም! በዘመነ ደርግ እኩልነት ታወጀ፤ ከዚያም ወዲህ ብዙዎቹ የፕሮቴስታንት እምነት ተቀበሉ፤ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ገቡ፤ ብዙ ነገር ተሻሽሏል። ማዕዱና ጋብቻው ግን ዛሬም እንደ በፊቱ የከበደ ነው።

ካፋን ብቻ ነጥዬ ለመውቀስ አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር ከሰሜን ጫፍ እስከ ደቡብ ጫፍ የሌለበት የአገራችን ማዕዘን የትኛው ነው? ቡዳ የሚለው ስም የሚለጠፈው በማን ላይ ነው? ማረሻችንን በሚቀጠቅጠው፣ ድስታችንንና ጀበናችንን በምትሠራው ላይ አይደለም? አፄ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው እየጠሩ መሳደብ ይቅር ብለው አዋጅ ካስነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ። ስድቡ ከአዋጁ የበለጠ ዕድሜ አገኘ!

አሁን ነገሩ የት ላይ እንደሚያሳስበኝ ገባችሁ? በአሜሪካ የዞምቢ ፊልም ውስጥ ሽጉጥ ይዞ ጭንቅላት የሚበረቅሰው ጀግና የሚመታው ማንንም አይደለም። ምናምን የተቀባ ተዋናይ ነው። ተመልካቹ ፈንዲሻውን ጨርሶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኛ አገር ግን ጭራቁ ስም አለው። ቤቱ ይታወቃል። ልጆቹ ከልጆቻችን ጋር ይማራሉ። ከጫካ የወጣ፣ የማይበላ ነገር የሚበላ፣ ብትነካው የሚበክልህ ፍጡር በካሜራ አሳይተህ «ግደሉት!» ብትል ቢታ ገነት ውስጥ ተመልካቹ ማን ማን እንደሆነ ለማወቅ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። በቡዳነት ተጠርጥሮ የተደበደበ፣ ከቀዬው የተባረረ፣ ሕይወቱን ያጣ ሰው ባለበት አገር አስፈሪ ፊልም መሥራት እንደ ሌላው አገር ጨዋታ አይደለም። 

ስለዚህ ፈረንጆቹ የአስፈሪ ፊልምን ሕግ አጣመምን፣ ገለበጥን እያሉ የሚኩራሩበት ነገር ለእነሱ የጥበብ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ለእኛ ግን ግዴታ ነው። እዚህ አገር የዞምቢ ፊልም ወይ ተገልብጦ ይሠራል፣ ወይ ጨርሶ ባይሠራ ይሻላል። አቋሜ ይኸው ነው፤ የማይስማማ ይጻፍብኝ።

እንዴት ይገለበጣል ለሚለኝ ምሳሌ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ «ዋርም ቦዲስ» የሚባል የአሜሪካ ፊልም አለ፤ ዳይሬክተሩ ጆናታን ሌቪን፣ መነሻው የአይዛክ ማሪዮን ልብ ወለድ ነው። ታሪኩን የሚነግረን ራሱ ዞምቢው ነው! አፉ የሚያወጣው ማጓራት ብቻ ነው። በሆዱ ግን እንደ እኔና እንደ እናንተ ያስባል፤ ያፍራል፤ ይቀልዳል። የአንዲት ልጅ ፍቅር ይይዘውና የቆመ ልቡ ቀስ በቀስ መምታት ይጀምራል። ፊልሙ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። «ሕዝቡ አይወደውም» ለሚሉን የፊልም ነጋዴዎቻችን ትንሽ ማስታወሻ ትሁናቸው። እኔን የያዘኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። «ያያል፣ ይሰማል፣ ያውቃል፤ አፉ ግን አይናገርም» ያሉት እናት ያንን ፊልም አላዩም። ዋናውን ነገር ግን በአንድ አረፍተ ነገር ነገሩኝ። ካሜራውን ከገዳዩ ትከሻ ላይ አንስተህ ሙቱ ዓይን ውስጥ ካስቀመጥከው ፊልሙ ተገለበጠ ማለት ነው። ሌላ ብልሃት አያስፈልግም።

«እኛ አገር እንዲህ ዓይነት ነገር አይሠራም» የሚለኝም አይጠፋም። ተሠርቷል! ሚጌል ሊያንሶ የሚባል ስፔናዊ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣውን «ክራምብስ» የተባለ ፊልም እዚሁ አገራችን ቀርጾታል። ዋና ተዋናዮቹ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ናቸው። ዓለም አልቆለታል፤ ሰማይ ላይ የተንጠለጠለች መርከብ ዝጋለች፤ ሁለት ፍቅረኞች በተተወ የቦውሊንግ መጫወቻ ውስጥ ይኖራሉ። የማይክል ጃክሰን ሸክላ እንደ ታቦት ውድ ዕቃ ሆኗል። ይህ ሁሉ ተዓምር የተጠቀለለው በአንድ ሰውና በሚወዳት ሴት ታሪክ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ነገር በአማርኛ ተናግረው፣ በእኛ መልክዓ ምድር ላይ ቆመው የሚሠሩ ተዋናዮች አሉን። የጎደለን የእኛው ሰው የራሱን ተረት ይዞ ሲነሳ ነው።

መቼም ስለ ሲኒማ ስናወራ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት ሲከፈት ሕዝቡ ያወጣለት ስም «ሰይጣን ቤት» ነበር። ግድግዳ ላይ የሚንቀሳቀስ ሰው አይቶ ሌላ ምን ይበል? ስለዚህ እኛ ሲኒማን ስንተዋወቀው ገና ከጅምሩ አስፈሪ ፊልም ነበር። ከዚያ ወዲያ «ሂሩት አባቷ ማነው» በ1957 ዓ.ም. መጣች፤ የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» መጣ፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ሰይጣኑ ወጥቶ ፍቅሩ ገባ። ያለፉት ሃያ ዓመታት ፊልሞቻችንን ብትቆጥሩ ሀብታም ሴት፣ ደሃ ወንድ፣ የሚያጣላ አጎት፣ መጨረሻ ላይ ሠርግ ነው። አልጠላሁትም፤ አንዳንዱን አልቅሼ አይቻለሁ። ነገር ግን በቤተሰብ የተከለከለ ፍቅርን እንዲህ ከወደድነው፣ ከድህነት የባሰውን ክልከላ ለምን አናየውም? ደሃውን ልጅ አባትየው በመጨረሻ ይቀበለዋል። ሙቱንስ?

ያን ምሽት ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ ልጁ ደብተሩን እንደገና ገለጠ። «ጋሼ፣ እንግዲያው ምን ላድርገው?» አለኝ። እኔ ዳይሬክተር አይደለሁም፤ ጋዜጣ ላይ የምሞነጫጭር ሰው ነኝ። ግን አፌ አያርፍምና ሁለት ነገር አልኩት።

አንደኛው የመብል ነገር ነው። የዞምቢ ፊልም ዞሮ ዞሮ ስለ መብላት ነው። ማን ማንን ይበላል? የእኛም አገር መገለል ዞሮ ዞሮ ስለ መብላት ነው። ከማን ጋር ይበላል? ማን የማይበላውን ይበላል? ቡዳም «በላው» ነው የምንለው! የእኛ አገር ፍቅርም ደግሞ በመብላት ነው የሚገለጸው። ጉርሻ! ስለዚህ ሊበላት የመጣውን ሙት ልጅቱ ብታጎርሰውስ? ተመልካቹ ጥርሱ ሲቀርባት ጮኾ፣ ዓይኑን ሸፍኖ፣ ጣቷን ቆረጠው ብሎ ሲጠብቅ፣ እሷ ከራሷ ሳህን ጠቅልላ አፉ ውስጥ ብትከትለትስ? ሲጎረስ ታዲያ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። «በሞቴ! አፈር ስሆን!» እንላለን። አፈር ለብሶ ከአፈር ለወጣ ሰው «አፈር ስሆን ጉረስልኝ» ስትለው አስቡት። እናትየው ይህን ስላቸው በሳቅ ጀበናውን ሊደፉት ነበር። 

ለካ አማርኛችን ራሱ የዞምቢ ፍቅር ቋንቋ ነው! የወደድነውን ሰው «ሞቼልሃለሁ»፣ «ገደልሽኝ»፣ «እኔ ልሙትልሽ»፣ «እኔን ይድፋኝ» እያልን ነው የምንኖረው። አንድም በሕይወት ያለ አፍቃሪ የለንም።

ሁለተኛው ግን አያስቅም። ማንጆዎች በድሮው ሥርዓት መንገድ ላይ ሌላውን ሰው ሲያገኙ ዝቅ ብለው የሚያቀርቡት ሰላምታ ነበር። ትርጉሙ «እኔ ልሙትልህ» ማለት ነው። ይህን የጻፉት ካፋ ሄደው ያጠኑ ተመራማሪዎች ናቸው። ልብ በሉ፤ እኔና እናንተ ለፍቅረኛ የምንለው ቃል ነው። አንዱ ከፍቅር የሚለውን ሌላው በግዴታ፣ ዳር ቆሞ፣ ኮፍያውን አውልቆ ይለዋል። ምላሽ የሌለው «ልሙትልህ» ማለት ነው። እንግዲህ ልጄ፣ አልኩት፣ ፊልምህ መጨረሻ ላይ ሰዉ ጠመንጃውን ይዞ ሲመጣ፣ ያ ሙት ልማዱ ነውና ዝቅ ብሎ «ልሙትልህ» ሊላቸው አፉን ሲከፍት፣ ልጅቱ ቀድማው እሷ ለእሱ ትበል። ያቺ ቃል ከላይ ወደ ታች ስትነገር እንስማት። ከዚያ በኋላ ማን እንደሚተኩስ እናያለን።

ልጁ ይህን ጻፈው። ግን እሱ ከእኔ የተሻለ አስተዋይ ሆኖ ተገኘ። ቀና ብሎ፦ «ጋሼ፣ ግን ማንጆዎቹ ራሳቸው ምን ይሉኛል? ሬሳ አድርገህ ሳልከን ቢሉኝስ?» አለኝ።

እውነቱን ነው። ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም ሙሉ መልስ የለኝም። በበጎ ሐሳብ የተሠራ ስድብ ስድብ መሆኑ አይቀርም። የተገለለን ሰው ለማዘን ብለህ ሙት አድርገህ ብታሳየው መገለሉን ዳግመኛ አተምክበት ማለት ነው። ያልኩት ይህን ብቻ ነው፦ ደብተሩን ይዘህ ሂድና አንብብላቸው። ሙቱን የሚሠራው ተዋናይ ከእነሱ ይሁን ካልክም፣ አይሁን ካልክም እነሱን ሳትጠይቅ አይሁን። ያንን ልጅ ቀድሞ ሕያው ሆኖ እናየው፤ ስም ይኑረው፤ የሚያስቅ ይሁን፤ ማር ቆራጭ ይሁን። ሰዉ ነው ሙት ያደረገው። ከመቃብር ሳይሆን ከማዕድ ነው የወጣው። ሜካፑም ሲያዩት ይምጣ፤ ሰው ሲያየው ይገርጣ፣ እሷ ስታየው ይመለስ።

ሜካፕ ስል አንድ ነገር ልንገራችሁ። ልጁ ደም የሚሠራው ከቀይ ሥርና ከካፋ ማር ነው። ሞክሮታል፤ በስልኩ አሳየኝ፤ ያስፈራል። የሬሳውን መልክ ደግሞ በአመድና በዱቄት ያመጣዋል። ጨለማውን፣ ጉሙንና ዝናቡን አገሩ በነፃ ያቀርብለታል። ሆሊውድ ለጉም ማሽን ይከራያል፤ ቢታ ገነት በር ስትከፍት ጉም ቤትህ ይገባል! የጎደለው መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተር ይቀርጻል፣ ጄኔሬተሩ ደግሞ እያጓራ የሙቱን ድምፅ ይውጠዋል። ድምፁን በኋላ አስገባለሁ ይላል።

የትብብር ደብዳቤ ፍለጋ አንድ ቢሮ ሄዶ ነበር። ስሙን አልጠራውም፤ እንዲህ ያለው ቢሮ በየከተማው አለ። ባለሥልጣኑ ደብተሩን ሳይገልጥ፦ «ለምን ስለ ቡና አትሠራም? ዞናችን የቡና መገኛ ነው፣ ጫካችን ዩኔስኮ መዝግቦታል፣ አንተ ሙት ታወጣብናለህ? ገጽታ ታበላሻለህ!» አለው። ጫካው እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ በተጠበቀ ሥፍራነት መመዝገቡ እውነት ነው፤ እሰየው! ዛፉ ተመዝግቧል፣ ቡናው ተመዝግቧል። ዛፉ ሥር የሚኖረው ሰው ከማን ጋር እንደሚበላ ግን ማንም መዝጋቢ አልጠየቀም። ገጽታ የሚባለው ነገር ሁሌም የሚታጠበው ፊት ብቻ መሆኑ ይገርመኛል። 

ባለፈው ሳምንት ልጁ ደወለልኝ። ድምፁ ይቆራረጣል። ደብተሩን ይዞ ሄዶ አንብቦላቸዋል። አንድ ሽማግሌ ሰምተው ሰምተው፣ «ይሄ ሙት መቼ ነው ሠርጉ?» ብለው አስቀውታል። ሙቱን የሚሠራ ወጣትም ከእነሱ አግኝቷል፤ አሥረኛ ክፍል የጨረሰ፣ ቀልደኛ ልጅ ነው አለኝ። ደስ አለኝ። 

«ታዲያ ምን ቀረህ?» አልኩት።

«ልጅቱ ጋሼ። ሦስት ልጆች እሺ ብለው ነበር። እናቶቻቸው ከለከሏቸው።»

«ዞምቢ ነው ብለው ፈሩ?»

«ኧረ ዞምቢውን ምንም አላሉም። አንዷ እናት እንዲያውም ስታቅፈው ይቀረጽ፣ ችግር የለም አሉኝ። የከለከሉት ጉርሻውን ነው። ከአንድ ሳህን አትበላም አሉ። ውሸት ነው፣ ፊልም ነው ብላቸው፣ እንጀራው እውነት አይደለም ወይ አሉኝ።»

ሁለታችንም ትንሽ ዝም አልን። ከበስተጀርባው ዝናቡ ይሰማኛል።

«ጋሼ፣» አለኝ፣ «ጉርሻውን ልቁረጠው እንዴ? በእንሰት ቅጠል ለየብቻ ይበሉ ብዬ ብቀርጸው ልጅቱን አገኛለሁ።»

«እንዳትቆርጠው!» ብዬ ጮህኩ። መስማቱን አላውቅም፤ መስመሩ ተቋረጠ። ደጋግሜ ደወልኩለት፤ ስልኩ አይሠራም።